በእንግሊዝኛ የተነገረ መርዶ

ሚስ የምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አለች። ሲጽፏት አራት ፊደል፣ ሲጠሯት አንድ ትንፋሽ ናት። ስንት ዓመት ሳስተምራት ኖሬ ባለፈው ጥር ከእኔው አፍ ወጥታ አንዲት ደህና ልጅ ገደለች። ገደለች ስል ለግማሽ ቀን ነው። ግማሽ ቀን ግን ለሞተው ሰው ቀላል አይደለም፤ ለገዳዩም እንደዚያው።

በመጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፤ ሌላ የሚናገርልኝ ስለሌለ ነው። የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ነኝ። መንዝ መሐል ሜዳ እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተመድቤ ስመጣ «ለሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ ትዛወራለህ» ተብዬ ነበር። ይኸው አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የዝውውር ማመልከቻዬ ጠፍቶ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን በውርጩ ደርቆ የቀረ ይመስለኛል። ቆለኛ መንዝ ሲገባ መጀመሪያ ጆሮው ይበርደዋል፣ ቀጥሎ እግሩ። ከዚያ በኋላ የሚበርደውን ነገር ለመናገር ሚስት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሚስት የለኝም። ልጅም የለኝም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አገር ቤት «መቼ ትመጣለህ?» የሚለኝ ሰው የለም። ስልኬ ድምፅ የምታሰማው «የገዙት ጥቅል ሊያበቃ ነው» የሚል መልእክት ሲመጣ ነው። አንዳንዴ «አመሰግናለሁ» ብዬ እመልስለታለሁ።

ብቸኛ ሰው ወይ ይጸልያል፣ ወይ ይጠጣል፣ ወይ መዝገበ ቃላት ያነባል። ጸሎቱን እጀምረውና ሐሳቤ ይበተንብኛል፤ መጠጡን ጨጓራዬ ከለከለኝ፤ የቀረኝ መዝገበ ቃላቱ ነው። በየጠዋቱ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የዕለቱ ቃል» እያልኩ አንድ ቃል እለጥፋለሁ፤ ምንጩን፣ ትርጉሙን፣ አገባቡን አሳምሬ። ቆሞ ያነበበ ሰው እስካሁን አላየሁም። አንድ ቀን ብቻ አጥር ሾልኮ የገባ በግ ወረቀቱን ገንጥሎ በላው። የዚያ ዕለት ቃል «ዴሊሺየስ»፣ ማለትም ጣፋጭ፣ ነበር፤ አገባቡ ገብቶታል ማለት ነው። በቴሌግራምም ቻናል ከፍቻለሁ። ሦስት ተከታዮች አሉኝ። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው በሌላኛው ሲም ካርዴ እኔው ነኝ። ሦስተኛው ተሳስቶ የገባ አንድ ብረት በያጅ ነው፤ እሱም እንዳይወጣብኝ እየሰጋሁ በሳምንት አንዴ ስለ ብረት የሚያወሳ ቃል እጽፋለሁ።

የምኖረው በጋሽ ደምሴ ግቢ ተከራይቼ ነው። ጋሽ ደምሴ ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ወፍራም የመንዝ ብርድ ልብስ፣ ባናን፣ የሚሸምኑ ሰው ናቸው። የእሳቸው የሥራ ቤትና የእኔ ክፍል የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። መወርወሪያው ክሩን እየጎተተ ወዲያና ወዲህ ሲል ቀኑን ሙሉ እሰማለሁ። ሲያስነጥሰኝ በግድግዳው በኩል «ይማርህ» ይሉኛል፤ እኔም «ያኑርዎ» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር የተጨዋወትኩት ያችን ብቻ ይሆናል። እንዲያውም አንዳንዴ ሳይመጣብኝም አስነጥሳለሁ።

ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ የሺ ትባላለች። የሺ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች ለአንድ የራቤል ባለበግ ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጡ። እሷ «አልፈልግም፣ አዲስ አበባ ሄጄ እሠራለሁ» አለች። እሳቸውም በሩ ላይ ቆመው «ከዚህ ደጃፍ ከወጣሽ አባት የለሽም» አሏት። ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን የሚመልሰው ጠፋ፤ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በዚያ ቤት ስሟ አልተነሳም። ስልካቸው በጮኸ ቁጥር ግን መወርወሪያው ቀጥ ይላል። የደወለው ጎረቤት ወይም ደንበኛ መሆኑ ሲታወቅ እንደገና ይጀምራል፤ እንደ መጀመሪያው ግን አይፈጥንም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በግድግዳ በኩል የሚሰማ ነገር እንደ ንስሐ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ጥር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ጫማዬን ሳስር በሬ ተንኳኳ። በሬ ከተንኳኳ ዘመን አልፎታልና መጀመሪያ ነፋስ መስሎኝ ዝም አልኩ።

«መምህር፣ አለህ?»

ጋሽ ደምሴ ናቸው። ብድግ ብዬ ከፈትኩ። አልገቡም፤ መቃኑን በአንድ እጃቸው ይዘው ቆሙ። በሌላው እጃቸው ስልካቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል፤ በባዶ እጅ መንካቱን የፈሩ ይመስላሉ።

«የሺ ደወለች» አሉኝ።

«እሰይ! እንኳን ደስ አለዎት! ምን አለች?»

«እሱ ነው የጨነቀኝ። ‹አባባ፣ የሺ ነኝ› አለች። እኔ እንጃ፣ አፌ ተያያዘ፤ ምንም አላልኩም። ከዚያ ‹አባባ፣ ምስ አርጌሃለሁ› አለችና ኔትወርኩ ድርግም አለ።»

«ምስ?»

«ምስ። በዚህ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ከተማ ያደገ አንባቢ ምስን ላያውቃት ይችላልና ልንገረው። ምስ ማለት ዛር ከያዘው ሰው ላይ «ይህን ካልሰጣችሁኝ አልለቅም» ብሎ የሚጠይቀው ነገር ነው። የአንዱ ዛር ምሱ ገብስማ ዶሮ ነው፣ የሌላው ሽቶ፣ የሌላው አረቄ። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ከአንድም ቅዳሴ የማይቀሩ፣ ጠንቋይ የሚኖርበትን ሰፈር ዞረው የሚያልፉ ሰው ናቸው።

«ክፉ ተናግሬያታለሁ፣ አልክድም» አሉ። «ግን አባት ለምስ ይሰጣል? እዚያ አዲስ አበባ ቃልቻ ቤት ገብታ ‹ምን ትሰጭኛለሽ?› ሲላት እኔን ጠርታ ይሆን? ቀሳውስቱ ዘንድ ከመሄዴ በፊት ወዳንተ የመጣሁት፣ ምናልባት የፈረንጅ ቃል እንደሆነ ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ «ናፍቀኸኛል ማለቷ ነው» ብዬ ነገሩን መጨረስ እችል ነበር። ጫማዬን አስሬ እስክጨርስ እንኳ የማይፈጅ ነገር ነው። ነገር ግን ፍረዱኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቤቴ ድረስ መጥቶ የቃል ትርጉም የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ይህን ሰው በአንድ ቃል ሸኝቼ ብቻዬን ልቀር ነው? እንዲገቡ ለምኜ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳቸው። መዝገበ ቃላቱን ከአልጋው ራስጌ አወረድኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«በመጀመሪያ፣ ቃሉ ምስ አይደለም፤ ሚስ ነው። የእንግሊዝኛ ነው።»

«ተመስገን!» አሉና ሦስት ጊዜ አማተቡ።

በዚያው ብተዋቸው ምን ነበረበት! ግን ሥርዓት አለኝ፤ ምንጭ፣ ትርጉም፣ አገባብ።

«ምንጩ ጥንታዊ ነው» አልኩ። «የጥንት እንግሊዞች፣ ዘመዶቻቸው ጀርመኖችም ጭምር፣ ፍላጻ ወይም ድንጋይ ወርውረው ዒላማው ሳይመታ ሲቀር ሚስ ይሉ ነበር። የእርስዎ መወርወሪያ ከእጅዎ እንደሚያመልጠው ማለት ነው። ስለዚህ መነሻው መሳት ነው። ሳተ፣ ሳተች፣ ስቻለሁ።»

«ስቻለሁ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«አዎን፣ ቃል በቃል ከተረጎምነው ‹ስቻለሁ› ማለት ነው። ሁለተኛው ትርጉም ደግሞ...»

ብድግ ሲሉ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። እግራቸውን ሊያፍታቱ መሰለኝ። ዓይኔን ከመጽሐፉ ሳላነሳ ሁለተኛውን ቀጠልኩ፤ መኪና ሲያመልጥ። ሦስተኛው፤ አንድ ነገር ከቦታው ሲጎድል። አራተኛው፤ ላላገባች ሴት «ወይዘሪት» እንደምንለው፣ እሱም «እመቤት» ከሚለው ረዘም ካለ ቃል ተቆርጦ የቀረ። አምስተኛውን ጨርሼ ወደ ስድስተኛው ልሻገር ቀና ስል፣ ያለሁት እኔና ወንበሩ ነን።

ረክተው የሄዱ መሰለኝ። የዚያን ዕለት እንዴት ደስ ብሎኝ እንዳስተማርኩ ተማሪዎቼ ሊመሰክሩ ይችላሉ፤ ሁለቱ ተኝተው ነበርና የቀሩት።

የአማርኛ መምህር ብሆን ኖሮ እዚያው እነቃ ነበር። በእኛ አገር ልጅ «ስቻለሁ» ብላ ስልኩ ድርግም ካለ ዒላማዋን የሚጠይቅ የለም፤ የሳተችው ነፍሷን ነው። ጋሽ ደምሴ ከቤቴ እንደወጡ መልሰው ደወሉላት። ያቺ ሁልጊዜ ለሰው የምታዝን የምትመስለው የስልክ ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊገኙ አይችሉም» አለቻቸው። ደጋግመው ደወሉ፤ ሴትዮዋ ሐሳቧን አልቀየረችም። ከዚያ ደጅ ወጥተው ጎረቤታችንን እትዬ አስካለን «ልጄ ነፍሷን ስታ ወድቃለች» አሏት። እትዬ አስካለ አረቄ የምትሸጥ፣ ልቧ ሩኅሩኅ የሆነ፣ ወሬ ሲነግሯት ከራሷ የምትጨምር ሴት ናት። ለቀጣዩ ሰው «ሆስፒታል ገብታለች» አለች። ቀጣዩ ሰው «ሆስፒታል ገብታ እንዴት ስልኳ ይዘጋል?» ብሎ አሰበ። መንዝ ውስጥ ሰው እንዲህ ብሎ ማሰብ ከጀመረ መርዶው ደርሷል ማለት ነው።

እኔ ከቀትር በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በአጥሩ ጥግ ተደርድረዋል። የለቅሶ ድምፅ ከጋሽ ደምሴ ቤት ይወጣል። እሳቸውን ፈለግሁ፤ የሉም።

ጋሽ ደምሴ ሞቱ አልኩ በልቤ። ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ሰው! ማንንም ሳልጠይቅ ከወንዶቹ መካከል ገብቼ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ደግሞ የይሉኝታ ለቅሶ አልነበረም። ከእንግዲህ በዚያ ግድግዳ በኩል ማን ይማርህ ይለኛል እያልኩ ነበር፤ ለእናቴ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። በግራዬ የተቀመጡ ሽማግሌ የጋቢያቸውን ጫፍ አለበሱኝ። አንዲት ሴት የባቄላ ንፍሮ በእፍኜ ጨመረችልኝ። «አይዞህ መምህር፣ የሁላችን መንገድ ነው» ይሉኛል። ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጬ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ ነው! እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ በለቅሶው መሐል ሞቀኝ።

«ልጅቷን በጣም ታውቃት ኖሯል» አሉ ሽማግሌው።

«የቷን ልጅ?»

«የሺን ነዋ።»

«የሺ ምን ሆነች?»

«አንተ ማንን ነው የምታለቅሰው ታዲያ?» ብለው ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጠጋ አሉ። «ዛሬ ጠዋት ነው አሉ መርዶው የተነገራቸው። አንድ የተማረ ሰው ነው ያረዳቸው፤ በድንገት እንዳይደነግጡ ብሎ በእንግሊዝኛ።»

ወዲያው ተነስቼ «ያ የተማረ ሰው እኔ ነኝ» ብዬ ብናገር ኖሮ ዛሬ ይህን ስጽፍ ቀና ብዬ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ በእፍኜ ያለውን ንፍሮ እስክጨርስ ዝም አልኩ። አንደኛ ፈራሁ። ሁለተኛ፣ ከተናገርኩ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ተነስተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በመጨረሻ «ጋሽ ደምሴስ የት አሉ?» አልኩ።

«መናኸሪያ። ሬሳዋን ሊያመጡ ሄደዋል።»

ሮጥኩ። በቆላ ሳንባ መሐል ሜዳ ላይ መሮጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አየሩ ራሱ በብድር የሚሰጥ ይመስላል። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እግዜር ያጥናህ መምህር» ይለኛል። እኔም እየሮጥኩ «ያጥናን» እላለሁ።

እግዚአብሔር ሚኒባስን ሳይሞላ እንዳይሄድ አድርጎ ፈጥሮታል፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። የደብረ ብርሃኑ መኪና ሁለት ሰው ጎድሎት ቆሟል። ጋሽ ደምሴ ከኋላ ወንበር፣ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ተቀምጠዋል። ዘልዬ ገባሁ።

«አንድ ሰው ብቻ ቀረ!» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ።

«እኔ አልሄድም፣ ላናግራቸው ነው!» አልኩ። ይህን ስል አንድ ወታደራዊ ኮት የለበሱ የግሼ ሰው ገብተው በሩን ዘጉ። መኪናው ተነቃነቀ።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

«አሁን ገብተህ አሁን ወራጅ?» አለ ሾፌሩ፣ ነዳጁን እየረገጠ።

እንግዲህ ከመናኸሪያው በር እስከ ከተማው ጫፍ ባለው መንገድ ላይ የሞተችውን ልጅ ማስነሳት አለብኝ። «ጋሽ ደምሴ፣ የሺ ደህና ናት! ነፍሷን አልሳተችም። ‹ሚስ አርጌሃለሁ› ነው ያለችው፤ እኔ ያልኩዎት የቃሉን ምንጭ ነው እንጂ...»

«ማንን ነው ሚስት ያደረገችው?» አሉ ከፊት ያሉ አንዲት ባልቴት።

«ሚስት አይደለም እማማ፣ ሚስ!»

«ሚስኮል ማለቱ ነው» አሉ የግሼው ሰው፣ እንደ አዋቂ እጃቸውን አንስተው። «እኛ ጋ አንድ ሚስኮል ‹በደህና ገብቻለሁ› ነው። ሁለት ሚስኮል ‹በጎቹ አልገቡም› ነው። ሦስት ሚስኮል ‹አክስትህ ታመዋል› ነው። ስንት ጊዜ ነው ያደረገችልዎ?»

«ሚስኮል አይደለም» አልኩ ላቤን እየጠረግሁ። «ቃሉ ስድስት ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ጠዋት እንዳልኩዎት...»

ከፊቴ የተቀመጠች፣ ጠጉሯን ሹሩባ የተሠራች አንዲት ወጣት ሴት ዞረች። ለእኔ ሳይሆን ለጋሽ ደምሴ ነው የተናገረችው።

«አባባ፣ ናፍቀኸኛል ማለት ነው።»

በቃ። ምንጭ የለ፣ አገባብ የለ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

ጋሽ ደምሴ ዱላቸውን ለቀቁት። «ናፍቀኸኛል?» አሉ ቀስ ብለው። «ናፍቀኸኛል ነው ያለችኝ?» ከዚያ ቆጣ አሉ። «ታዲያ ምነው አማርኛ ጠፋት?»

«በአማርኛማ ያስለቅሳላ፣ አባባ» አለች ልጅቷ።

ወረድን። መኪናው ትቶን ሄደ፤ እኛም ወደ ከተማው በእግራችን ተመለስን። ነፋሱ ከጓሳ በኩል ይመጣል፤ የጋቢያቸውን ጫፍ እየገለበጠ ያስቸግራቸዋል። በኋላ ሳያዩኝ፣ «አንተ ግን ይህን አታውቅም ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር። ስድስተኛው ነው። ልደርስበት ስል ነው የሄዱት።»

«ከሁሉ በፊት የሚነገረው እሱ አልነበረም?»

ነበር እንጂ። እያሰብኩት ሄድኩ። ያቺን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ በጠመኔ ጽፌያታለሁ፤ በአገባቧ ግን ለእኔ ያላት ሰው የለም፤ እኔም ያልኩት ሰው የለም። ለእኔ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ካሉት ትርጉሞች ሁሉ የመጨረሻዋ ነበረች። ይህን ለጋሽ ደምሴ አልነገርኳቸውም፤ ለእናንተ ነው የምነግረው።

ግቢው በር ስንደርስ ለቀስተኛው ሬሳ ሳንይዝ መመለሳችንን አይቶ ጩኸቱን አባሰው። «እዚያው ቀበሯት!» አለች እትዬ አስካለ ደረቷን እየደቃች። እጄን አንስቼ ማረጋጋቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። የሺ በሕይወት አለች፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ አልኩ። መጀመሪያ እልልታ ሆነ፣ ከዚያ ስድብ። እትዬ አስካለ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣

«ያለቀስነው ታዲያ የት ይግባ?» አለች።

«ለሌላ ይቆጠርልን» አሉ ጋቢ ያለበሱኝ ሽማግሌ። «ለመምህሩ ይሁን፤ እሱ ሲሞት የሚያለቅስለት ያለ አይመስለኝም።» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከሁሉ ቀድሞ አለቀ።

ቀኑን ሙሉ ያቺን የስልክ ሴትዮ ሲጠሩ ስለዋሉ የጋሽ ደምሴ ስልክ ሞቷል። ወደ ክፍሌ አስገባኋቸውና ሲም ካርዳቸውን አውጥቼ በእኔ ስልክ ላይ ከተትኩ። የየሺን ቁጥር ገና ሳላወጣው ስልኩ ጮኸ። ራሷ ናት። ድምፁን ከፍ አድርጌ እጃቸው ላይ አኖርኩት።

«አባባ?»

ጋሽ ደምሴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«አባባ፣ ስሠራ ስልኬን አጥፍቼው ነበር። ስትደውልልኝ ነበር አይደል? ... አባባ፣ ተቆጣህ እንዴ?»

ጋሽ ደምሴ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ድምፅ አይወጣም። እኔ ከጎናቸው ሆኜ በሹክሹክታ «‹ሚስ ዩ ቱ› ይበሏት፤ ‹እኔም› ማለት ነው» አልኳቸው። ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«የሺ» አሉ። «ስቻለሁ።»

«ምን? አባባ፣ ምን ሆንክ? አመመህ? መቼ ነው የሳትከው? ማን አለ አጠገብህ?»

«ኧረ ነፍሴን አይደለም» አሉ። እንባቸው ወረደ። «ያን ቀን በሩ ላይ የተናገርኩሽን ነው። እሱን ነው የሳትኩት። ስቻለሁ ልጄ፤ አባት አለሽ።»

ከስልኩ ውስጥ የሚሰማው ለቅሶ ብቻ ነበር፤ ይህኛው እውነተኛ ለቅሶ ነው። በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ።

ግቢው ባዶ ሆኗል። የተበተነ ንፍሮ ዶሮዎች ይለቅማሉ። ለቀስተኛው ከተቀመጠባቸው ድንጋዮች አንዱ ላይ ተቀመጥኩና ከውስጥ የሚመጣውን ድምፅ ላለመስማት ሞከርኩ። ግን አሥራ አንድ ዓመት የሰለጠነ ጆሮ ነው። ስለ ሥራዋ ጠየቋት፤ ምን እንደምትበላ ጠየቋት፤ አንዴ ሲስቁ ሰማሁ። ጋሽ ደምሴ ሲስቁ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለፋሲካ ትመጣለች። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ደስ አለኝ። ደስታው የእኔ ባይሆንም ከእኔ ክፍል ውስጥ ነውና።

ብርዱ እስከ አጥንቴ ከገባ በኋላ በሩ ተከፈተ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ፊታቸው ግን በርቷል። ስልኬን በሁለት እጃቸው ይዘው መለሱልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ መምህር። በል ደግሞ አሁን ተራው ያንተ ነው።»

«የምን ተራ?»

«ደውል እንጂ! ያቺን ቃል የምትላት አንድ ሰው መቼም አይጠፋህም።»

ስልኬን አየሁት። ውስጡ ያሉት ስሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የእናቴን ቁጥር ገና አላጠፋሁትም።

«ባትሪው አልቋል ጋሽ ደምሴ» አልኩ።

«ወይ ጉድ፣ እኔው ነኝ የጨረስኩብህ!» አሉ ደንግጠው። «በል ሰካውና ይሙላ። እስኪሞላ እዚሁ አብሬህ እቆያለሁ።» ገብተው ወንበሬ ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ስልኩ ከግማሽ በላይ ነበረው። እንዳይሄዱብኝ ብዬ ሰካሁት።